ለጥሎሽ የመጣው ቸርኬ

ለሌላ ሴት ጥሎሽ ሲመጣ ወርቅ ይመጣል። ለእኔ የመጣልኝ የመኪና ቸርኬ ነው። አራት ቸርኬ ከነጎማው፣ ቀይ ሪባን ታስሮበት፣ በእህቴ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እየተንከባለለ። ስትስቁ ይታየኛል። ሳቁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ያ ቸርኬ እኔን፣ እጮኛዬንና እናቱን አንድ ላይ ገደል ሊከተን ነበር።

ትርሲት እባላለሁ። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ዲቪ ደረሰኝና ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ፣ ታላቅ እህቴ ሰብለ ቤት መጣሁ። ካዚኖ ውስጥ የቡፌ ሳህን አነሳ ነበር። በ2020 ኮሮና መጥቶ ካዚኖው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊልም ያያል፣ እኔ ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ሳሎን እመላለሳለሁ። መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ሰብለ ሲመራት «ወይ ሥራ ፈልጊ ወይ ሌላ ቤት ፈልጊ» አለችኝ። ሥራ ፈለግሁ። ያረጀ ፎር ዊል ፒክአፕ ገዛሁና ቻርለስተን ተራራ ላይ ላሉት የእንጨት ቤቶች ማገዶ፣ ውሃና አስቤዛ ማድረስ ጀመርኩ።

ታች ሰው በከነቴራ ሲሄድ ላይ በረዶው ጉልበት ይደርሳል። መጀመሪያ በረዶ የጣለ ቀን ፍሬን ስይዝ መኪናዬ ከእጅ እንዳመለጠ ሳሙና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስለ ጎማ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። የገባኝን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምናልባት ይጠቅማችሁ ይሆናል። ለተራራና ለበረዶ ቸርኬው አነስ፣ የጎማው ጎን ደግሞ ወፈር ያለ ይሁን። ድንጋይ ሲመታው የሚተጣጠፈው ላስቲኩ እንጂ ብረቱ እንዳይሆን ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ነፋሱን ቀነስ ስታደርጉለትም መሬቱን ያቅፋል። በጣም ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠበብ ያለው ግን በረዶውን ቆርጦ ይወርድና መሬት ይይዛል። ጥርሱ የገጠጠ የጭቃ ጎማ አይታችሁ አትታለሉ፣ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ላስቲኩ በብርድ የማይደርቅ፣ ጥርሱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ያለበት፣ ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት የታተመበት ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን በጎማውና በመኪናው አካል መሀል፣ በበረዶ ጊዜ ጎማ ላይ የሚጠመጠመውን ሰንሰለት የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር አለበት። ይህን ሁሉ አጣርቼ አራት ጥቁር የብረት ቸርኬ ከነበረዶ ጎማው ገዛሁና ጋራዥ አስገባሁ። መልካቸው አያምርም። ሰብለ ስታያቸው «የጋሪ ነው?» አለችኝ።

ስለ ጎማ ሳወራ ሰው ይሸሸኛል። ያልሸሸኝ ኤርሚያስ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ኳየር ይዘምራል፤ ሥራው ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ፓርክ ማድረግ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «እሺ፣ ከዚያስ? የቱን መረጥሽ?» ይለኛል። ይኼ ልጅ ይሰማኛል ብዬ ነው የወደድኩት። አሁንም የምወደው በዚሁ ነው፤ በመሀሉ የሆነውን ልንገራችሁ እንጂ።

ጥሎሹ የመጣው 2021 ከገባ በኋላ ነው። በኮሮናው ምክንያት ጥቂት ሰው፣ ሁሉም ማስክ አድርጎ። ሽማግሌው ጋሽ ኃይሉ ተነሥተው «ልጃችን ልጃችሁ የምትወደውን አጥንቶ ነው የመጣው» አሉ። ሣጥን ይገባል ብዬ ስጠብቅ የኤርሚያስ ጓደኞች ቸርኬውን እያንከባለሉ ገቡ። የሚያብረቀርቅ፣ ፊት የሚያሳይ፣ ለእኔ መኪና ከሚገባው እጅግ የተለቀ፤ ጎማው ሰፊ፣ ጎኑ ግን ቀጭን፣ በብረቱ ዙሪያ እንደ ቀበቶ የተጠመጠመ። ኤርሚያስ አይን አይኔን ያያል። የሆቴሉ በር ላይ እንዲህ ያለ ቸርኬ ያላት መኪና ስትመጣ ልጆቹ ሁሉ እንዴት ለመንዳት እንደሚሻሙ ስንት ጊዜ አጫውቶኛል። ሰብለ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «ሳቂ» አለችኝ በማስኳ ውስጥ። ሳቅሁ።

ወዲያው ግቢ ወርደው መኪናዬ ላይ ገጠሙት። እንዳይሰረቅ ተብሎ ቸርኬውን የሚያስሩት ዳዶዎች በተራ መፍቻ አይፈቱም፤ አውራ ጣት የምታህል የራሳቸው ቁልፍ አለቻቸው። ኤርሚያስ ያቺን ቁልፍ ወስዶ በእናቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

እናቱ እትዬ ብርሃኔ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ኮሮናው መንገድ ዘግቶባቸው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያዩ ከእግር እስከ ራስ የሚያዩ። ቁልፏን ከፍ አድርገው «ይህቺን የሠርጉ ዕለት ጠዋት ለምራቴ በገዛ እጄ አስረክባታለሁ» አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። በአማርኛ ስንተረጉመው፣ እሳቸውን ሳልለምን ጎማዬን መቀየር አልችልም ማለት ነው።

በማግስቱ ኤርሚያስን ያዝኩት።

«ኤርሚ፣ ያምራል። ግን ለተራራ አይሆንም። ሰንሰለት አይገባበትም።»

«ጎማ ጎማ ስትይ ሰምቼ እኮ ነው።»

«ጎማ ማለቴን ሰምተሃል። ለምን እንደምፈልገው የነገርኩህስ የት ገባ?»

ፊቱ ጠቆረ። «እስከ ሠርጉ ብቻ ታገሺ። አሁን ቁልፉን ብትጠይቂያት ስጦታችንን ናቀችው ነው የምትለው። ጥሎሽ እኮ ነው፣ ትርሲት።»

ሰብለም ያንኑ ደገመችው። «ጥሎሽ አይመለስም፣ አይለወጥም፣ አስተያየትም አይሰጥበትም። አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በይ።» ሰው ሁሉ አፍሽ ፍሬን የለውም ይለኛል። እትዬ ብርሃኔ ፊት ግን ያ ሁሉ ፍሬን ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። በረዶ በጣለ ቀን ሥራ አልወጣም ብዬ ዝም አልኩ።

ሠርጉ ሲቃረብ እትዬ ብርሃኔ አስጠሩኝ። «ትዳር ሳይጀመር ተራራ ወጥቶ መጸለይ በቤታችን ያለ ነው። እኔና አባቱም ወጥተናል። እዚህ ተራራ አለ አሉኝ፣ መንገዱንም አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አዎ፣ እትዬ። ግን አሁን ጊዜው…»

«ቅዳሜ ነው። በጥሎሹ መኪና እንሄዳለን።»

ተራራው ላይ ያለ አንድ ደንበኛዬ ቤቱን ለጸሎት ፈቀደልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኔ ግን ያንን ተራራ አላምነውም። አራቱን የብረት ቸርኬዎች ፒክአፑ ጀርባ ላይ ጫንኩ፣ የድሮዎቹን ዳዶዎች ካልሲ ውስጥ ከትቼ ወንበር ሥር ወሸቅኩ፣ ከላይ ሸራ አለበስኩበት። ቁልፏ እትዬ ብርሃኔ ዘንድ ናት፣ እትዬ ብርሃኔ ደግሞ እኔ መኪና ውስጥ ናቸው። ከባሰ እለምናቸዋለሁ ብዬ ነው።

ኤርሚያስ ሸራውን ገለጥ አድርጎ አየ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ጎማዬ።»

«በጎማ እየሄድን ጎማ ጭነን? እናቴ ብትጠይቀኝስ?»

«የፈለግከውን መልስላት።»

ጠየቁት። «ማገዶ ነው፣ እማ» አለ።

እትዬ ብርሃኔ ጥቂት አሰቡ። «ተራራ ላይ እንጨት ጠፍቶ ነው ከከተማ የምናወጣው?»

ሞተሩን አስነሳሁ።

አስፋልቱን በሰላም ጨረስነው። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ቀስ ብለው ይዘምራሉ፣ ኤርሚያስ ከኋላ ይቀበላቸዋል፣ እኔም ልቤ ትንሽ ረገብ አለ። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ቤቶቹ የሚወስደውን ጠጠር መንገድ ስንጀምር ግን ደመናው ከጥዶቹ ላይ ወረደና በረዶው ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ዱቄት ብናኝ፣ ከዚያ እንደ ተነደፈ ጥጥ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መዞሪያ የለውም። ከፊታችን ካለው ኩርባ አልፌ ሰፋ ያለው ቦታ ላይ እዞራለሁ አልኩ።

ኩርባው ዳገት ነው። መሀሉ ላይ ስንደርስ ጎማዎቹ መሽከርከር፣ መኪናው መቆም ያዘ። ቀጥሎ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርን። ፍሬን ያዝኩ፤ ምንም። መሪውን መለስኩ፤ ምንም። ጀርባችን ወደ ገደሉ ዞረ። ከታች አንድ ነገር ደግፎ ያዘንና ቆምን። ወርጄ ሳይ የኋላ ጎማችን ያረፈው በአንድ የጥድ ጉቶ ላይ ነው። ከጉቶው ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው፣ የጥዶቹን ጫፍ ከላይ ታያላችሁ። ስልካችን ኔትወርክ የለውም።

ኤርሚያስም ወረደ። «ሰንሰለት አለሽ አይደል? አስገቢው።»

ጣቴን በጎማውና በመኪናው አካል መሀል ልሰድ ሞከርኩ። «ጣቴ ካልገባ ሰንሰለት ይገባል?»

«ተይው እኔ ልሞክር። መኪና ማቆም እኮ ነው ሥራዬ።»

«ቆሟል፣ ኤርሚ። የቸገረን መንቀሳቀሱ ነው።»

አልሰማኝም። እትዬን ይውረዱ ብላቸው «ልጄ ካለበት አልወርድም» አሉ። ኤርሚያስ መሪውን ጨብጦ ነዳጅ ሰጠ። ሰፊው ጎማ በረዶውን ወልውሎ መስታወት አደረገው። ጉቶው ሲሰነጠቅ ሰማሁት፣ ጀርባው ወደ ገደሉ ሸርተት አለ። «አጥፋው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። አጠፋው፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናው እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ በዳገቱ በኩል ያለው በር ተከፈተ። እትዬ ብርሃኔ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ፣ የመኪናውን ጎን እየተደገፉ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሸራውን ገለጡ።

«ኤርሚያስ፣ ይኼ ነው ማገዶው?»

ኤርሚያስ መሬት መሬት አየ። እኔ ያን ጊዜ ፍሬኔ ተበጠሰ።

«ማገዶ አይደለም፣ እትዬ። የእኔ ጎማ ነው፣ ለበረዶ ብዬ የመረጥኩት። ያመጣችሁልኝ ቸርኬ ለከተማ ያምራል፣ እዚህ ግን ይገድለናል። ላወልቀው እፈልጋለሁ። ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው።»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። በረዶው ሽበታቸው ላይ ያርፋል። በቃ፣ ሠርጉ ቀረ አልኩ በልቤ። ይቅር፣ ብቻ ከዚህ እንውረድ።

«ታዲያ ከቤት ስንወጣ አፍ አልነበረሽም?» አሉኝ።

«ነበረኝ። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«እኔን?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አየህ? ለምራቴ ብዬ ውቅያኖስ አሻግሬ ያመጣሁትን ሃብል ለጥሎሹ ሳወጣ 'እማ፣ እሷ ወርቅ አይገዛትም፣ የምትወደው ጎማ ነው' አልከኝ። ምን ዓይነት ሴት ነው ያገኘው ብዬ ስጸልይ ነው የከረምኩት።» ተመልሰው እኔን አዩኝ። «እኔ ደግሞ አንቺን ፈርቼሽ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ በዚያ ቦታ መሳቅ እንዴት ይቻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ።

«እትዬ፣ ወርቅም እወዳለሁ» አልኳቸው።

«እሱን ከወረድን እናወራለን። ቁልፉ…» ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ በረበሩ፣ ቆሙ። «ይኼ የእሑድ ቦርሳዬ ነው። በዚያኛው ውስጥ ነው ያለችው።»

ኤርሚያስ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከጉቶው የተፈረከሰ ቁራጭ እየተንከባለለ ወደ ታች ሲወርድ ሁላችንም ሰማነው።

እትዬ ብርሃኔ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ሲዳብሱ እጃቸው አንድ ቋጠሮ ላይ ቆመ። ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ቁልፏ ከዚያ ወጣች። «ልጸልይበት ብዬ ጠዋት ቋጥሬያት ነበር» አሉ። «እንኩ፣ አውልቁት። እዚህ ማን ያየናል፣ ጥዱ ነው ጥሎሽ ተናቀ የሚለው?»

ሥራው ተጀመረ። በኋላ ጎማዎቹ ሥር ያገኘነውን ድንጋይ ሁሉ ጎሰጎስን። ከፊት ለመጀመር ወሰንን፤ የፊቱን ቀይሬ ሰንሰለት ካሰርኩበት ጎትቶ ከገደሉ ያወጣናል። መኪናውን የሚያነሳው ክሪክ በረዶው ውስጥ እንዳይሰምጥ ሥሩ ሳንቃ አነጠፍን። እትዬ ብርሃኔ በዳገቱ በኩል ቆመው በረዶ ውስጥ እንዳይጠፉ ዳዶዎቹን በነጠላቸው ይቀበላሉ፣ ደግሞ ሳያቋርጡ ይጸልያሉ። ኤርሚያስ የእሑድ ጫማውን እንዳደረገ በረዶው ላይ ተንበረከከ።

የመጀመሪያው ገባ። ሁለተኛውን ሊያወልቅ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ቆይ» አልኩትና ያወለቅነውን የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስተኝቼ በመኪናው ሆድ ሥር ገፋሁት።

«ለምንድን ነው?»

«ክሪኩ ከከዳን መኪናውን ይይዘዋል።»

«ይጫራል እኮ» አለ። አሁንም ያሳዝነዋል።

ሁለተኛውን አወለቀና አዲሱን ሊያስገባ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሳንቃው ተንሸራተተ። ክሪኩ ሲወድቅ አየሁት። መኪናው ተደረመሰ። ከሥር ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም።

«ኤርሚያስ» አሉ እናቱ በቀስታ።

«አለሁ።» እጁን ቀስ ብሎ አወጣ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰ። መኪናው የተቀመጠው በጥሎሹ ቸርኬ ላይ ነው። የቸርኬው ጠርዝ ተቆርሷል፣ ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፣ ግን ይዞታል። ኤርሚያስ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «ስጦታዬ አይጠቅምም ስትይ አልነበር?»

አለቀስኩ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። ከዚያ ክሪኩን እንደገና አቆምነው።

ሁለቱ የፊት ጎማዎች ገቡ፣ ሰንሰለቱም ገባ፣ ለሰንሰለቱ ክፍተት ነበረው። እትዬንና ኤርሚያስን ራቅ አድርጌ አቆምኳቸውና ብቻዬን ገባሁ። በዝቅተኛው ማርሽ፣ ነዳጅ በጣት ጫፍ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጎማው በረዶውን ሲነክስ በመሪው በኩል መዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። ክርች፣ ክርች። ጉቶው ወደ ኋላ ቀረ። ሜዳው ላይ ስደርስ ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ ትንሽ ቆየሁ። እንዲህ ዓይነት እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልደገመኝም።

የኋላዎቹን ሜዳው ላይ ቀየርን። የደንበኛዬ ቤት ድረስ አልሄድንም። እትዬ ብርሃኔ እዚያው መንገዱ ዳር እጃችንን ይዘው ጸለዩ። ጸሎታቸው አጭር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ልጆች የሚያስቡትን ይነጋገሩ። እኔንም ይንገሩኝ። አሜን።» ከዚያ «በሉ ብርድ ነው፣ እንሂድ» አሉ።

አስፋልት ላይ ደርሰን ሰንሰለቱን ፈታን። ከደመናው ወጥተን ታች ከተማው በፀሐይ ውስጥ ሲታየን እትዬ ብርሃኔ እርጥብ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ማሞቂያው ላይ ዘረጉ። «ይኼ የጋሪ ጎማ ግን ጎበዝ ነው» አሉ። ሰብለ ነግራቸው ይሁን ከራሳቸው አላውቅም።

ለሠርጋችን ጥቂት ሰው ነበር የተጠራው። ጠዋት እትዬ ብርሃኔ በሁሉም ፊት ቁልፏን አስረከቡኝ፣ ሃብሉንም በገዛ እጃቸው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። እልልታው ሲበርድ ጋሽ ኃይሉ መስኮቱ ጋ ሄደው ግቢ ውስጥ የቆመችውን መኪናዬን አዩ። አበባ ተለጥፎባታል፣ ሥሯ ግን ጥቁር ብረት ነው።

«ቸርኬው የት ሄደ?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

አፌን ልከፍት ስል ሰብለ እጄን ያዘች። ኤርሚያስም ጉሮሮውን ጠራረገ። ግን አልተጠበቅንም።

«እኔ ነኝ ያስወለቅሁት» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ልታገቡ ያላችሁ፣ ምክር ልስጣችሁ ብል የሚሰማኝ የለም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድም። የራሴን ብቻ ልንገራችሁ። እኔ አማቴን ስፈራ አማቴ እኔን ይፈሩ ነበር፣ ኤርሚያስ ደግሞ በሁለታችን መሀል ሆኖ ሁለታችንንም ይፈራ ነበር። ሦስታችንም ለመከባበር ስንል የልባችንን ሸራ ሥር ደብቀን ገደል ጫፍ ደረስን። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሸራ የለም። አማቴ ወጤ ጨው ሲበዛበት ጨው በዝቷል ይሉኛል፣ እኔም አንዳንዴ ዛሬ አይምጡ ደክሞኛል እላቸዋለሁ፣ ስልኩን ሳቅ እያሉ ይዘጉታል። እንዴት ቅልል እንደሚል ባወቃችሁ።

የተሰነጠቀው ቸርኬ ጋራዣችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኤርሚያስ በየጊዜው ይወለውለዋል። እኔም አልከለክለውም፤ እጁን ያተረፈለት እሱ ነው።